ማን ሣለው? የሰባት ወር የጥናት ማስታወሻ ከጎንደር

«ጥናቱ ከምን ደረሰ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ለማታውቁት፣ የመመረቂያ ጥናቴ የጎንደር ሠዓሊዎች እንዴት እንደሚሠሩና ሥራቸው የት እንደሚታይ የሚመለከት ነው። በጥቅምት ስጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ነበር፤ «የጎንደር ሠዓሊ የማይታወቀው ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ ጋለሪ ስለሌላት ነው» የሚል። እስከ ዛሬ ያን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ወር ባከነብኝ። 24 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅቼ ሠዓሊዎቹ ዘንድ በየቤታቸው ዞርኩ። አንዳንዱ «ነገ ና» አለኝ። አንዳንዱ ሁሉንም ጥያቄ «አዎ» ብሎ ሞላልኝ። ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ሠዓሊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉና ከቀለም ቆርቆሮው ሥር አስገቡት። «መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ነኝ።

ጥናቱ የተጀመረው በእውነት ያን ቀን ነው። ሸራ መወጠር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ከጥግ ጀምሬ ልመታ ስል እጄን ያዙኝ። ምስማሩ የሚጀመረው ከየጎኑ መሐል ነው። አንዱን ጎን መሐሉ ላይ መትተህ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ስበህ ትመታለህ። ጥጎቹ መጨረሻ ይመጣሉ። ከጥግ ከጀመርክ ሸራው ይጨማደዳል፣ ኋላ ምንም ብታደርገው አይቃናም። ከዚያ ጄሶ፣ ማለት ቀለሙን የሚቀበለው ነጭ ቅብ፣ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ እንደገና ይቀባል። ሰው ሥዕል ሲያይ ይህን ሁሉ አያይም። እኔም አላየሁትም ነበር።

ስለ ዓይንም ነገሩኝ። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። ሕግ መሆኑን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

ነገሩ የተገለበጠው በኅዳር ነው። ጋሼ አንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አራት ቀን ሠርተው ሲጨርሱ አጠገባቸው ነበርኩ። በሳምንቱ ያንኑ ሥዕል ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። እንደማላውቅ ሆኜ ባለሱቋን «እትዬ፣ ይሄን ማን ሣለው?» አልኳቸው። «ልጆች ናቸው የሚያመጡልን» አሉኝ። ሥዕሉን ገልብጬ አየሁት። ከፊትም ከኋላም ስም የለበትም።

ቅዳሜ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ለምን አይፈርሙም?»

«አይ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ ቅዱስ ሥዕል ላይ ስሜን ጽፌ ምን ልሁን?» አሉኝ። ብሩሻቸውን አጠቡ። ቆይተው ደግሞ፣ «የገበያው ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ ፈርም ያለኝም የለም» አሉ።

ይህ መልስ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ሁለቱም ሥዕል ስም የለውም። ግን ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንዱ ላይ ስሙን የተወው ሠዓሊው ራሱ ነው። ሌላው ላይ ደግሞ ስሙን የጠየቀው ሰው የለም።

ልዩነቱን ለማየት እዚሁ ጎንደር ያለችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አራት ጊዜ ወጣሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ያሠራት ንጉሡ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይቺን ንቦች አዳኗት ይባላል። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ያየሁት ሥዕሉን ሳይሆን ሰው ሥዕሉን እንዴት እንደሚያይ ነው። ጫማውን ያወልቃል። ድምፁን ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው፣ እነዚያ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ከላይ ቁልቁል ሲያዩት። ከዚያ ፊት ለፊት ሥላሴ በሦስት ተመሳሳይ ሽማግሌዎች አምሳል፣ ከሥራቸውም ስቅለቱ አለ። አንድ ሰው ቆሞ ይተርክለታል። ማን እንደሣለው የሚጠይቅ ሲመጣ አልገጠመኝም። አያስፈልገውምም። ሥዕሉ ስም ባይኖረውም አድራሻ አለው፤ የሚነበብበት በዓል፣ የሚተርከው ሰው፣ የሚሰግድለት ሕዝብ አለው።

በድሮው ሥዕል ላይ ስሙ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ያሣለው ሰው ነው። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። እሷን እናውቃታለን። ብሩሹን የያዘውን አናውቀውም። ስማቸው የደረሰን ጥቂቶች ናቸው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን አንዱ ነው። እሱንም ያወቅነው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ እሱንም አናውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰረዝኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ለሥዕሉ የሚያደርገውን ካየሁ በኋላ ጥያቄዬ «ጋለሪ አለ ወይ» መሆኑ ቀረ። «ቦታው ለሥዕሉ ምን ይሠራለታል» ሆነ።

ሁለተኛው ስረዛ አሳዝኖኛል። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ መላጥ ይቻል ነበር። ተላጡ። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ገቡ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። አንድ ማታ ፎቷቸውን በስልኬ አየሁ። ከቤቴ ተነስቼ በእግሬ ልደርስባቸው የምችላቸው ቅዱሳን ነበሩ። አሁን መለያ ቁጥር አላቸው፣ መብራት አላቸው፣ ጠባቂ አላቸው። ማሳያ ቦታ ሁሉ ለሥዕል ደግ ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ እንዲህ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

በታኅሣሥ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ስሄድ ሁለት ቀን ጨምሬ ጋለሪ ለጋለሪ ዞርኩ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ገብቼ ብዙ ቆየሁ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ነው ያረፈው። ጀርመን የነበሩት ሥራዎቹ ተመልሰው ዛሬ የሀገሩ ልጅ ያያቸዋል። የአባ እንጦንስን እያሰብኩ ስለነበር እዚያ መቆሙ አጽናናኝ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን አንዲት የግል ጋለሪ ኃላፊ ናት። «ከሽያጩ ስንት ትወስዳላችሁ?» አልኳት። ግማሽ አለችኝ። ደነገጥኩ። በኋላ ሳነብ በሌላውም ዓለም ግማሽ በግማሽ የተለመደ ሆኖ አገኘሁት። «ለግማሹ ምን ትሠራላችሁ?» ስላት መሳቢያዋን ከፈተችና አንድ መዝገብ አሳየችኝ። የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርዕስ፣ ዓመት፣ መጠን፣ በምን እንደተሠራ፣ ማን እንደገዛው። ሥዕሉን ፎቶ ታነሣለች። ስለ ሠዓሊው ትጽፋለች። ገዢ ትደውልለታለች። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1.50 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲውል ለክታ ትሰቅላለች፣ ለቆመ ሰው ዓይን እንዲመች። እኔን የያዘኝ ግን መዝገቡ ነው። ጋሼ በሕይወታቸው ስንት ሥዕል እንደሸጡ አያውቁም። አንዱም የት እንዳለ አያውቁም።

ስም ሩቅ የሚሄደው እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ተጭኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ የራሷ ማሳያ ሲኖራት የቀረበው የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ «አለ» በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ ጀርመን የቀጠለ ልጅ ነው። ችሎታው የራሱ ነው። ግን በመካከል ስሙን የጻፈ፣ ሥራውን የመዘገበ፣ ያሳየ ሰው ነበረ።

ጥር ላይ ሙከራ ጀመርኩ። ጥምቀት ስለሆነ ከተማው ሰው ነበረው፣ ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ ሱቆቹ እንግዳ ናፍቋቸዋል። እትዬን ለምኜ 12 ሥዕል ላይ ትንሽ ካርድ አንጠለጠልኩ። የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ፣ በምን እንደተሠራ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚተርክ በሁለት መስመር። ሽያጩ ያን ያህል አልጨመረም፣ ይህን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። ግን ሰው መቆም ጀመረ። አስጎብኚዎቹ ካርዱን እያነበቡ መተርጎም ጀመሩ። አንድ ወጣት ሠዓሊ ስሙን ሊያይ እናቱን ይዞ መጣ። እናቱ ካርዱን በጣታቸው እየነኩ ሁለት ጊዜ አስነበቡት።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ካርዶቹን አወረዷቸው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቡና አፍልተው አስቀምጠው ነገሩኝ። «ስሙን ካወቀ ነገ ቤቱ ሄዶ በግማሽ ዋጋ ይገዛዋል። እኔ የቤት ኪራይ በምን ልክፈል?» እውነታቸውን ነው። በጥናቴ ውስጥ ትልቁ ግኝት ይህ ይመስለኛል። ስሙ የጠፋው በንቀት ብቻ አልነበረም። የሱቁ እንጀራ ስሙ ባለመታወቁ ላይ ቆሟል። ዓረፍተ ነገሬን ለሦስተኛ ጊዜ የሰረዝኩት እዚያ ቡና ላይ ነው።

አዲስ አበባ ደውዬ ያችን የጋለሪ ኃላፊ አማከርኳት። መፍትሔው የቆየ ነው አለችኝ። ሠዓሊውና ጋለሪው ይዋዋላሉ፤ ሥዕሉ ቤትም ይሸጥ ጋለሪም ይሸጥ ዋጋው አንድ ይሆናል። ያኔ ገዢው ቤት ድረስ ሄዶ የሚያተርፈው ነገር የለም። ይህን በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ጋሼና እትዬ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አነበቡት። ለሁለት ቅዳሜ ስለ ድርሻው ተከራከሩ። እትዬ አርባ በመቶ አሉ፣ ጋሼ ሠላሳ። ሠላሳ አምስት ላይ ተስማሙ፣ ግን ለስድስት ወር ብቻ፣ ለሙከራ። ካርዶቹ ተመልሰው ተሰቅለዋል።

አሁን መዝገቡን ጀምሬያለሁ። ባለ መስመር ደብተር ነው፣ እስካሁን 31 ሥዕል ገብቶበታል። ሌሎች ሁለት ሱቆችም ካርድ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል፤ ፈተና ሳይደርስ እጨርሳለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ከጎንደር የተገዛ የቆየ ሥዕል ካለ እባካችሁ ገልብጡትና ጀርባውን እዩት። ስም፣ ዓመት፣ የእርሳስ ጭረትም ቢሆን ካገኛችሁ ፎቶ አንሡና ላኩልኝ። ምንም ከሌለም መቼና ከየት እንደተገዛ ንገሩኝ፣ እሱንም እመዘግበዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ አንድ የገበያ ሥዕል ጨርሰው ሲያስረክቡኝ ገለበጥኩት። ከታች ጥጉ ላይ በእርሳስ፣ በጣም ትንሽ አድርገው ስማቸውን ጽፈዋል። ከሥሩ «ጎንደር» ይላል። ምንም አላልኳቸውም። ወደ ደብተሩ ገልብጬ ጻፍኩት።