የአየር ሰዓቴን ትቼ ተመልካቹን የተከተልኩበት መንገድ

ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ለዓመታት የእኔ ሰዓት ነበር። በ2005 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ጣቢያ የሳምንታዊ ዝግጅት አዘጋጅ ሆኜ ስጀምር የተሰጠኝ የአየር ሰዓት ይኸው ነበር። በ27 ደቂቃው ውስጥ የድሬዳዋንና የሐረርን ነባር ባለሙያዎች፣ ማለትም የሸመንደፈር (የምድር ባቡር) መካኒኮችን፣ በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ ያሉ መጽሐፍ ደጓሾችን፣ የድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሴቶችን እያነጋገርን የሥራቸውን ታሪክ እንመዘግብ ነበር። ዛሬ ያ ዝግጅት በአብዛኛው የሚታየው በስልክ ላይ ነው። ሽግግሩን እንዴት እንዳደረግነው፣ የት እንደተሳሳትንና ምን እንዳስተካከልን ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በየከተማው ያሉ ወጣት አዘጋጆች ይህንኑ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ሥራው የተመሠረተው ተመልካቹ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል በሚል እምነት ላይ ነው። አዘጋጁ የሚጨነቀው ከእርሱ በፊት ምን እንደሚተላለፍ፣ በሌላው ቻናል ደግሞ በዚያው ሰዓት ምን እንዳለ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ይህን ስሌት በደንብ ተማርኩት። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ዝግጅት በየዕለቱ ከሚቀጥል ታሪክ ጋር በአንድ ምሽት ሲገናኝ፣ ቤተሰቡ የቱን እንደሚመርጥ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። ሰዓታችን ወደ እሑድ ከሰዓት እንዲዛወር ጠየቅን፣ ተፈቀደልን፤ ጥቂት ተመልካች መለሰልን። በዚያን ጊዜ ችግሩ የሰዓት ምርጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው አንድ የቅዳሜ በርጫ (ጫት እየተቃመ የሚቆይ ጨዋታ) ነው። ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰውም ከምሳ በኋላ ጥላ ያለበት ቤት ይሰበሰባል። ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የአጎቴ ቤት ስድስት ሰዎች ፍራሽ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል። አንድ የጎረቤት ልጅ ስልኩን በሻይ ፔርሙዙ ላይ አስደግፎ ከወር በፊት ያስተላለፍነውን፣ አንድ ሰው ከቴሌቪዥን ላይ በስልኩ ቀርጾ የለቀቀውን፣ የእኛኑ ዝግጅት ከፈተ። የመግቢያ ሙዚቃችን ሲጀምር አውራ ጣቱን ወደ ፊት ገፋ አደረገ። አስተዋዋቂዋ ሰላምታ ስታቀርብ እንደገና ገፋ። ባለታሪኩ መናገር ሲጀምር እጁን አነሣ፤ ስድስቱም ወደ ትንሿ ስክሪን ተጠጉ፣ እስከ መጨረሻውም ፀጥ ብለው አዩት። አዘጋጁ እኔ መሆኔን ልጁ አላወቀም። በዚያ ክፍል ውስጥ ዝግጅቱን የናቀ ሰው አልነበረም፤ ያለፉት ለእነርሱ ያልተሠራውን ክፍል ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት የጣቢያውን ፈቃድ አግኝተን የራሳችንን የዩቲዩብ ቻናል ከፈትን። የመጀመሪያው ስሕተታችን ለአየር የተሠራውን 27 ደቂቃ ምንም ሳንነካ መጫናችን ነው። ዩቲዩብ ተመልካቹ በየትኛው ሰከንድ ላይ እንደወጣ የሚያሳይ መስመር ያቀርባል፤ በቴሌቪዥን ሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። የእኛ መስመር በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ እንደ ገደል ይወርድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ተመልካች ግን እምብዛም አይወጣም። የ40 ሰከንድ ሙዚቃ፣ የስፖንሰር ምስጋና፣ ሰላምታና «በዛሬው ዝግጅታችን» የሚለው ማስተዋወቂያ ተደምረው አንድ ደቂቃ ከግማሽ ይወስዱ ነበር። በቴሌቪዥን ይህ ጊዜ ተመልካቹ ከጓዳ ወደ ሳሎን እስኪመጣ የሚጠብቀው ነው። ስልኩን በእጁ የያዘ ሰው ግን ቀድሞውኑ መጥቷል።

ስለዚህ የአንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር መካኒክን ታሪክ እንደገና ኤዲት ለማድረግ ተቀመጥኩ። ባቡር ድሬዳዋን የመሠረታት ናት፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተወለደች፣ ነባሮቹ ሠራተኞችም እስከ ዛሬ የመሣሪያቸውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራሉ። በአየር የተላለፈው ቅጂ የሚጀምረው በዚሁ ታሪክ ነበር። አዲሱን ቅጂ የጀመርኩት ሰውየው በአሮጌው ጋራዥ ውስጥ ቆመው የመንኮራኩሩን ብረት በትንሽ መዶሻ ሲመቱ ነው። አንዴ መቱ፣ አዳመጡ፣ «ይኼ ደህና ነው» አሉ፤ ቀጥለው ሌላውን መቱ፣ ድምፁ ደፈን ብሎ ተሰማ፣ «ይኼ ተሰንጥቋል» አሉ። ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። የከተማዋ ታሪክ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ሰው ሊሰማው ምክንያት ሲያገኝ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጥሬ ቀረጻ ውስጥ ሌላም የተጣለ ነገር አገኘሁ። አስተዋዋቂያችን ሰውየውን እንደ ቴሌቪዥን ወግ «እርስዎ» እያለች ስትጠይቃቸው ፊታቸው ተኮሳተረ፤ ጥቂት ታግሠው «አቦ፣ አንተ በይኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባለው እንግዳ ነው» አሏት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ንግግራቸው ሌላ ሰው የሚናገረው እስኪመስል ድረስ ተፍታታ። በመጀመሪያው ኤዲት ይህን እንደ ስሕተት ቆርጠን ጥለነው ነበር። በአዲሱ ቅጂ መልሰን ስናስገባው ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የተቀባበሉት እርሱን ሆነ።

የምስል ጥራት ያሳስበኝ ነበር፤ ነገር ግን ተመልካችን ቶሎ የሚያባርረው መጥፎ ድምፅ ነው። የስልክ ስፒከር ጎርናናውን ድምፅ በደንብ አያወጣም፣ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ኹካታ ግን ያጎላዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ቤት ቬንትሌተር አለ። ብናጠፋው ባለታሪኩ በላብ ይጠመቃል፣ አሳቡም ይበተናል፤ ብንተወው ጉምጉምታው በንግግሩ ሁሉ ስር ይሄዳል፣ በኤዲትም ሙሉ በሙሉ አይጠራም። መፍትሔው የቀረጻ ሰዓታችንን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማድረግና ትንሿን የአንገት ማይክ ከአፍ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ማሰር ነበር። በዚህ ለውጥ ላይ ያወጣነው ገንዘብ ከካሜራ መግዣው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በስልክ የሚቀርጹ ልጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የአገራችን መብራት በ50 ኸርትዝ ስለሚሠራ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጽ ስልክ በብዙዎቹ አምፖሎች ሥር ምስሉን ያርገበግበዋል። 25 ፍሬምና የ1/50 ሰከንድ ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ሲመረጥ መርገብገቡ ይጠፋል።

ቀጥሎ የገጠመን የዳታ ጉዳይ ነበር። በቴሌቪዥን ሪሲቨር ያለው ሰው አንድ ሰዓት አየ አምስት ሰዓት አየ ወጪው አይለወጥም። በስልክ ግን በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈስ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ 450 ሜጋ ባይት ይበላል፤ ይህን ሒሳብ ተመልካቹ ከእኛ የተሻለ ያውቀዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በድሬዳዋ ከጀመረ በኋላ በከተማችን ሁለተኛ አማራጭ በመኖሩ ብዙ ሰው ሁለት ሲም መያዝ ጀመረ፤ የምንጭነውንም በፈጠነው መስመር መላክ ቻልን። ያም ሆኖ ሰው ጥቅሉን ቆጥቦ ነው የሚያየው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዝግጅት ከሙሉው ሌላ በአነስተኛ ጥራት አሳንሰን በቴሌግራም እንለቃለን፤ አንዱ አውርዶት ለሌላው ያሻግረዋል። የዚያ ተመልካች ቁጥር በእኛ ሰሌዳ ላይ አይታይም፤ ሥራው ግን ሰው ዘንድ ይደርሳል፣ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል። በምስሉ ሥር የአማርኛ ጽሑፍ ማስገባታችንም በባጃጅና በሚኒባስ ውስጥ ድምፅ ዘግተው የሚያዩትን ጠቅሟል። ከዚህም በላይ፣ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ እየተሻገረ የሚናገረውን የድሬ ሰው ቋንቋውን እንዲለውጥ ሳናስገድደው እንድንቀርጸው አስችሎናል።

የምንለቅበትን ሰዓት በተመለከተ ለወራት የቀድሞውን የቴሌቪዥን ምሽታችንን ይዘን ቆየን። ቁጥሮቹ ግን ሁለት ጉብታ ያሳዩ ነበር፤ አንዱ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ሌላው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ያው የአጎቴ ቤት ነው። አሁን የምንለቀው ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው።

በቀጥታ ስርጭት ግን ተጎድተናል። በአንድ ዓመት ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሁለት ስልክ፣ አንድ ትሪፖድና ሙሉ ባትሪ ይዘን ወጣን፤ ቀደም ብለን ቦታው ላይ ሞክረን መስመሩ ጥሩ ስለነበር በቴሌግራም «በቀጥታ ይከታተሉን» ብለን አስታወቅን። ያልገባን ነገር አንድ የኔትወርክ ማማ አቅሙን በሥሩ ላለው ሰው ሁሉ የሚያካፍል መሆኑ ነበር። ምእመኑ ሲሞላ መስመሩ ተጨናነቀ፤ ታቦቱ ሲወጣ የእኛ ምስል ደርቆ ቆመ። በውጭ አገር ያሉ እናቶች ስእለታቸውን በዓይናቸው ለማየት ሲጠብቁ ነበርና የደረሰን መልእክት እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ቀጥታ አንገባም፤ ቀርጸን፣ አንድ ሰው በሞተር ወደ ድሬ ይዞ ይወርዳል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ እንለቃለን፤ ይህንንም አስቀድመን እንናገራለን።

ቴሌቪዥኑን አልተውንም፣ መተውም አይገባም። በ2013 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ በከተማው ጣሪያ ሁሉ ላይ በምዕራብ ዝቅ ብለው ያዩ የነበሩ ዲሾች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት፣ ወደ ላይ ቀና ተደርገው ሲዞሩ አይቻለሁ። ዲሽ አዟሪ ለማስመጣት ከፍለው የጠበቁት በአብዛኛው ትልልቆቹ ናቸው፤ እናቴም አንዷ ናት። ለእነርሱ ሙሉው 27 ደቂቃ፣ ከነመግቢያ ሙዚቃውና ከነሰላምታው፣ ዛሬም ይሠራል። ሁለት ቅጂ መሥራት በሳምንት አንድ ተጨማሪ ቀን ይወስዳል። የዩቲዩብ የማስታወቂያ ገንዘብ ያን ቀን ይከፍላል ብሎ የሚጀምር ሰው ግን መጀመሪያ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት እንደሚጠየቅ ይወቅ፤ እኛን ያቆየን የአካባቢ ስፖንሰር ነው።

ከሁሉ በላይ ያልተዘጋጀሁበት ነገር የመጣው በዚያው በመካኒኩ ታሪክ ነው። ሰውየው በቃለ መጠይቁ መሐል ከወንድማቸው ጋር በውርስ ቤት ምክንያት እንዴት እንደተለያዩ ተናግረው ነበር። ሐሙስ ማታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አንድም ሰው አልተናገረም፤ ተላለፈ፣ አለፈ። በዩቲዩብ ከለቀቅነው ከሁለት ወር በኋላ ሴት ልጃቸው ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ አባቴ ለአንድ ማታ መስሎት ነው የተናገረው» አለችኝ። ጅቡቲ ያሉት የአጎቷ ልጆች ያችን ቁራጭ ብቻ ነጥለው እየተላላኩ ነበር። በዚያኑ ዕለት ቪዲዮውን አወረድኩት፣ ክፍሉን አውጥቼ እንደገና ጫንኩት፣ የተሰበሰበው ዕይታ ሁሉ ከዜሮ ጀመረ። የተላላኩትን ግን መሰብሰብ አልቻልኩም። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሰውየው ቡና አስቀርበው ስለ መዶሻው አወሩኝ፣ ስለ ወንድማቸው አላነሡም።

አሁን ካሜራው ከመከፈቱ በፊት፣ ይህ ነገር በስልክ እንደሚቆይ፣ ከዓመታት በኋላም ጅቡቲ ያለ ዘመድ ሊያየው እንደሚችል በቋንቋቸው እንነግራቸዋለን። ኤዲቱ ሲያልቅ ደግሞ ስልኬን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን እናየዋለን፤ «ይቺ ትውጣ» ካሉኝም ትወጣለች። በማኅደር ያሉትን የድሮ ካሴቶችም በዚሁ መንገድ እያለፍናቸው ነው። የአንድ ሰዓት ሚኒዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አንድ ሙሉ ሰዓት ይወስዳል፣ 13 ጊጋ ባይት ያህልም ይይዛል፤ መገልበጡ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለውን ሰው፣ እርሱ ካለፈም ልጆቹን፣ በሳቢያን፣ በገንደ ቆሬና በመጋላ ሰፈሮች እየጠየቅን ማግኘት አንዳንዴ ሳምንት ይፈጃል።