አስራ ስንት ነበር?

«ሲስተር፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው?»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ የጠየቀው ባልደረባችን ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ነበርና አልፈርድበትም። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንጀታቸው የተጠማዘዘባቸው ገበሬ አሉ። ሰርጀኑ ሆዳቸውን ሊዘጋ ነው። መሣሪያ አቀባይ ነርሷ እኔ ፓኮቹን፣ ማለትም ሆድ ውስጥ የምናስገባቸውን ጨርቆች፣ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ሰርኩሌቲንግ ነርሷ፣ ክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረች የምታግዘን፣ አብራኝ ትቆጥራለች። እሷ ቁልፉን አቀብላ ስትመለስ እኔ አስራ ሦስት፣ እሷ አስራ አራት ላይ ነበርን። ገና አንድ ቀርቶናል። የጀመርነው በ15 ነው።

እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፤ የሷን ቁጥር ብከተል 15 ይሞላና ሆዱ ይዘጋ ነበር።

«ዶክተር፣ አይዘጋ» አልኩ። ከአንድ ጀመርን። አስራ አራት። ደገምን፤ አስራ አራት። በደም የራሰ ፓክ ከአንጀት አይለይም፣ በእጅ ነው የሚፈለገው። ሰርጀኑ ዳሌ ውስጥ አጣት፣ ከጉበት ሥር አጣት፣ በመጨረሻ ከጣፊያው ጎን ጎትቶ አወጣት። አንጀቱን ገለል ለማድረግ እኛው ያስገባናት ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ግድግዳችን ላይ አለ። በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ ነርሷ የቆጠራውን መጠናቀቅ በቃል ታረጋግጥ ይላል። ስንቆጥር በሩን ማን እንደሚጠብቅ ግን አይልም። በአሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪዎች ሲነሱና ሲያርፉ ከበረራው ውጭ ወሬ የተከለከለባቸው ከ1981 ጀምሮ ነው። ለኛም በሽተኛው በማደንዘዣ ሲተኛ፣ ስንቆጥርና ሲነቃ እንዲያ ቢሆንልን እመኛለሁ።

የስልኩ ነገር ግን ይከብዳል። ሰርጀኑ እጁን ታጥቦ ስለቆመ ስልክ አይነካም፣ ሰርኩሌቲንጓ ጆሮው ላይ ትይዝለታለች፤ የሚደውለው ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ እዚያም ሰው እየሞተ ይሆናል። ይዘጋ ማለት አልችልም። በቆጠራ ሰዓት ግን እሷን ተዉልኝ፣ ሌላ ሰው ያንሳው። ከተቋረጥን ደግሞ፣ አንድ ብቻ ቢቀረንም፣ ከአንድ ነው የምንጀምረው።

ገበሬው ሲወጡ ዋርድ ሄጄ ተሰናበትኳቸው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አላስቻለኝም፤ ቀድሜ ጉልበታቸውን ሳምኩ።