መርፌ ቁልፏ

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳፈላልግ በነበረበት ክረምት፣ ጅማ ዞን ውስጥ ለወባ መከላከል በጊዜያዊነት የቤት ለቤት ኬሚካል ርጭት ተቀጠርኩ። የተመደብነው ግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ነበር። ሥልጠናው አልከበደኝም። በእጅ የሚነፋውን ታንክ ትከሻ ላይ ማንገት፣ ኖዝሉን፣ ማለትም የመርጫውን ጫፍ፣ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር አርቆ ከላይ ወደ ታች መውረድ፣ አንድ እርምጃ መራመድ፣ ከታች ወደ ላይ መውጣት። የታንኩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ 55 ሲደርስ ትጀምራለህ፤ 25 ሲሆን ቆመህ እንደገና ትነፋለህ።

የከበደኝ ውኃው ነው። በክረምት ከወንዝ የተቀዳ፣ ቡና የመሰለ ውኃ። በጨርቅ አጥልላችሁ ሙሉ ተብለናል፤ እኔ ግን እቸኩላለሁ። የኖዝሉ ቀዳዳ ደግሞ ጠባብ ስንጥቅ ነው፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃዋለች። ማጽጃ ብለው የሰጡኝን የጥርስ ብሩሽ ካምፕ ረስቼው ስለምወጣ፣ ባጄን ያያያዝኩባትን መርፌ ቁልፍ ነቅዬ ጠቀጥቀጥ አደርገዋለሁ። ይከፈታል። በአፍ ከመንፋት መቼም ይሻላል እያልኩ ራሴን አመሰግናለሁ (መርዝ የነካውን ኖዝል በአፍ የሚነፋ ሰው አይቻለሁ፣ ጉድ ነው)።

አንድ ሳምንት እንደሄድን፣ ማታ የኬሚካሉን ባዶ ፓኬት ስናስረክብ የቡድን መሪያችን ቆጥሮ ዝም አለ። ከዚያ፣

«አንተ ልጅ፣ ግድግዳ ነው የረጨኸው ወይስ ጓሮ ስታጠጣ ዋልክ?»

«ጋሼ፣ የደረሱኝ ቤቶች ትልልቅ ናቸው።»

«ሳምንቱን ሙሉ?»

አልተከራከረኝም። ታንኬን በንጹህ ውኃ አስሞላ፣ አስነፋኝ፣ መለኪያ ጆግ አስያዘኝና ሰዓቱን እያየ «ልቀቅ» አለ። በአንድ ደቂቃ መውጣት ያለበት 760 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የእኔ ደቂቃው ሳይሞላ የአንድ ሊትሩን መስመር አለፈ። ከዚያ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አስረጨኝ። የአዲሱ ኖዝል ርጭት እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ እኩል አረጠበ፤ የእኔው መሐሉን እየሳሳ ዳርና ዳሩን ይደፋዋል። ኖዝሉን ፈትቶ ወደ ብርሃን ያዘው። የስንጥቁ ጠርዝ ተበልቷል።

«ምን አስገባህበት?»

መርፌ ቁልፏን አሳየሁት።

«ሚዛኑን ነው የበሳኸው» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 40 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 19 ካሬ ሜትር እያልን የሸመደድነው ስሌት ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች ስንጥቅ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጌጁን ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ብሩሹን ከኪሴ አላወጣሁም። ማታ ማታም ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ግፊቱን አስወጥቼ፣ ታንኩን አለቅልቄ፣ ማጣሪያውን ፈትቼ አጥባለሁ።

ተዘግተው ያለፍናቸውን ቤቶች ልንረጭ ስንመለስ በአንዲት እናት ደጅ አለፍኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የረጨሁላቸው ናቸው። ግድግዳው አዲስ በጭቃና በእበት ተለቅልቋል።

«እማማ፣ አትለቅልቁ ብለናችሁ አልነበር?»

«ልጄ፣ የረጨኸው ወርዶ ወርዶ ግድግዳዬን ያለቀሰ ፊት አስመሰለው እኮ። እንግዳ ይመጣብኛል፤ ምን ላድርግ?»

ወባ ትንኟ የምታርፈው ከላይ ባለው ጭቃ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ከሥር ቀርቷል። እንደገና ልርጭላቸው ብዬ መሪያችንን ጠየቅሁት። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ፤ የዚያ ቀበሌ ፓኬት አልቋል።