«ቦብ ማርሊ» የተጻፈበት ካሴት

ይህ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ካሴት ወደ ፍላሽ ከሚገለብጡ ሱቆች በአንዱ የሆነ ነው። የሚመጣው ሥራ አብዛኛው የድሮ ሠርግ፣ የሑዳዴ በገና፣ የሞተ ዘመድ ድምፅ ነው። አንድ የኅዳር ጠዋት ግን በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ከደብረ ሲና አንድ ፌስታል ካሴት ይዘው መጡ። ከውስጡ አንዱ ባለ 90 ደቂቃ ነው፤ በቢክ እስክሪብቶ «ቦብ ማርሊ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሠራተኛው ልጅ ካሴቱን ከፌስታሉ አውጥቶ ወዲያው ቴፑ ውስጥ ከተተው። ቴፑም በላው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አመዳይ ይጥላል። ሲቀዘቅዝ ያደረ ካሴት ሂተር በበራበት ክፍል ሲገለጥ ክሩ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ የረጠበ ክር ደግሞ በሚጎትተው ቀጭን ዘንግ ላይ ተጣብቆ ይጠመጠማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ካሴቱ ከነፌስታሉ ሳይከፈት ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከዚያ አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይጠንጠን። ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ብረት፣ ሄዱን፣ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ ነው። ክሩን ዘንጉ ላይ የምትጫነውን ጎማ፣ ሮለሯን፣ ግን አልኮል ስለሚያደርቃት በትንሽ ሳሙናና ውሃ ይሻላል። (በካቲካላ የሚጠርግ ሰው አለ። ሄዱ ላይ ዝቃጭ ይተዋል፣ ካቲካላውም ይባክናል።)

የተበላው ክር በቢክ ተጠንጥኖ ተመለሰ፣ ሳይድ ኤ መጫወት ጀመረ። ባሱ ወፍራም ነው፣ ጊታሩ በምቱ መካከል ይከትፋል፣ ዘፋኙ ግን ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ነው የሚዘፍነው። «ጋሼ፣ ይሄኮ ያልወጣ የቦብ ሥራ ነው! ማንም የለውም!» አለ። አዛውንቱ አልተደነቁም። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ የጻፈው የሸጠልኝ ሰው ነው» አሉት።

የሱቁ ባለቤት ሲሰሙት ቦብ አለመሆኑን ለመለየት ብዙ አልቆዩም። ዘፋኙ የኮትዲቯሩ አልፋ ብሎንዲ ነው። «ጀሩሳሌም» የተባለው አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጣ፤ ቦብ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ስያሜው ግን ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም። አልበሙ የተቀዳው ኪንግስተን፣ በቦብ ስቱዲዮ በታፍ ጎንግ ሲሆን የተጫወቱትም የቦብ ባንድ ዌይለርስ ራሳቸው ናቸው። ባንዱን የለየ ጆሮ ዘፋኙን ቢስት አይፈረድበትም። የሚለየው ቋንቋው ነው፤ አልፋ ብሎንዲ ዲዩላ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይቀላቅላል፣ በዚህ አልበም ርእስ ዘፈን ላይ ደግሞ ዕብራይስጥ ጨምሮበታል።

ልጁ ቅር ብሎት ካሴቱን ገለበጠ። ሳይድ ቢ ላይ የሚሰማው ድምፅ ቀጭንና ፈጣን ነው፣ እየቆየም የባሰ ይቀጥናል። «የተበላሸ» ብሎ ማስታወሻ ጻፈና ሳይድ ኤን ብቻ በኤምፒስሪ አድርጎ ሊያስረክብ ተነሣ። ባለቤቱ ባይሰሙት ኖሮ የካሴቱ ትልቁ ነገር እዚያው ይቀር ነበር። በቀጠነው ድምፅ ውስጥ «ሶዌቶ» የሚል ተቀባይ አለ። የናይጄሪያው ሶኒ ኦኮሱን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ፋየር ኢን ሶዌቶ» ነው፤ በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፓርታይድ ላይ በተነሡ በዓመቱ፣ አልፋ ብሎንዲ የመጀመሪያ አልበሙን ከማውጣቱ ዓመታት በፊት። የደቡብ አፍሪካው ሉኪ ዱቤ እንኳ ምባቃንጋ ከሚባለው የአገሩ ሙዚቃ ወደ ሬጌ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የአፍሪካን ሬጌ ከአልፋ ብሎንዲና ከሉኪ ዱቤ የሚጀምር ሰው ሶኒ ኦኮሱንን እየዘለለ ነው።

ክሩ አልተበላሸም ነበር። ሳይድ ቢ የተቀዳው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ በዘገየ ሞተር የተቀዳ ነገር በትክክለኛው ፍጥነት፣ ማለት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር፣ ሲጫወት ይፈጥናል። ድንጋዩ በየደቂቃው ስለሚደክም ስሕተቱም እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ ካሴት መጀመሪያው ላይ 2 ከመቶ ያህል፣ መጨረሻው ላይ 6 ከመቶ ነበር፤ 6 ከመቶ ማለት በቅጥነት ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ነው።

በመብራት የተቀዳ ቢሆን መለኪያው ቅርብ ነበር። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዘፈኑ ሥር የምትሰማዋን እምምታ በኮምፒውተር ማየት ነው፤ 52 ላይ ከታየች ካሴቱ 4 ከመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። እርግጥ መጀመሪያ የሚያጫውተው ቴፕ ራሱ መስተካከል አለበት። በባትሪ የተቀዳ ግን ይህ ምልክት የለውም። ያለው አማራጭ ከታተመው አልበም ጋር ማስተያየት ነው፦ የየዘፈኑን መጀመሪያ ኖታ ማነጻጸር፣ ልዩነቱን መጻፍ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ በሚለዋወጥ መስመር መመለስ። ልጁ መጀመሪያ በኮምፒውተሩ የነካው የድምፁን ቅጥነት ብቻ የሚቀይረውን መሣሪያ ነው፤ ያ ርዝመቱን እንደነበረ ስለሚተው ዘፋኙ ወፈረ፣ ከበሮው ግን እንደ ቸኮለ ቀረ። መቀየር ያለበት ፍጥነቱ ራሱ ነው፣ ቅጥነትና ርዝመት አብረው ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ጥፋት የሶፍትዌሩ ሹክሹክታ ማጥፊያ ነው፤ ከክሩ የሚወጣውን የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚቀንሰው። ለሠርግ ንግግር ይጠቅም ይሆናል። ለሬጌ ግን ጠላት ነው፤ ሃይሃቱንና እየሳሳ የሚሄደውን የኤኮ ጭራ ከካሴቱ ሹክሹክታ መለየት አይችልም፣ ሁለቱንም ይጠርጋቸዋል። የቀረው ደረቅ ባስ ነው። ድምፁ ከታፈነ ከሶፍትዌሩ በፊት ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ ማዞርና ከፍተኛው ድምፅ ጥርት የሚልበት ላይ ማቆም ይበልጣል። ይህን በሞኖ እያዳመጡ ቢያደርጉት ልዩነቱ ቶሎ ይያዛል። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሽ ስፖንጅም ትታይ፤ ሙጫዋ ስለሚደርቅ ትወድቃለች፣ ያኔ ድምፁ እየመጣ እየሄደ ያስቸግራል። አምስት ብሎን ያለው ሌላ ቀፎ ፈልጎ ክሩን ማዛወር ነው።

ዳግመኛ የተቀዳው በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ እንደ ኤምፒስሪ ባልተጨመቀው ዌቭ ፋይል ሆኖ ነው፤ 90 ደቂቃው 1.6 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ያልተነካው ቅጂ በአንድ ፎልደር፣ ፍጥነቱ የታረመው በሌላ ተቀመጠ። «ቦብ ማርሊ» የሚለው ጽሑፍም በፎቶ ተይዟል፣ አልተፋቀም። ካሴቱ ለአዛውንቱ ከመመለሱ በፊት በጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰበሩ፤ እነሱ እስካሉ ድረስ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ በአንድ ቁልፍ በላዩ ላይ ሊቀዳበት ይችላል።