ወደ አፍዴራ በአዲስ ሞላ

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርድ አያስደነግጠኝም፤ ሙቀት ግን ጠላቴ ነው። ታዲያ አፋር በረሃ፣ አፍዴራ ምን ልታደርግ ሄድህ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ መኪናዬን ልፈትን።

መኪናዋ የ2001 ሞዴል ላንድክሩዘር ናት፤ ቁልፍ ሲጫኗት ከፍ፣ መካከለኛና ዝቅ የምትል። ከፊት ቶርሽን ባር የሚባል እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ፣ ከኋላ ሞላ ቢኖራትም ክብደቷን እነሱ ብቻ አይሸከሙትም፤ ፓምፕ በግፊት የሚልከው ዘይት ያግዛቸዋል። በየጎማው በኩል ደግሞ ናይትሮጅን የታመቀበት ድቡልቡል ብረት አለ፤ ድንጋይ ስትረግጥ አንጀታችን እንዳይናጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ባዶዋን ስትሄድ እንደ ሶፋ ትመቻለች። ዓምና ወደ ባሌ ስንወጣ ግን አምስት ሰው፣ አራት ጄሪካን ነዳጅ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳን ጭነን የከፍታውን ቁልፍ ብጫን መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ እምቢ አለ። ሆዷን ድንጋይ እየፋቀው ተመለስን።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ መድኃኒቱ መንቀል ነው አለኝ፤ የዘይቱን ነገር በሙሉ አውጥቶ ተራ ሞላና ሾክ ሊገጥም፣ የተነቀለውንም እሱ ሊያስቀረው። ዋጋውን ሲጠራ መኪናዋን የሚገዛት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወጥቼ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድሁ። ከኮምፒውተሩ ላይ አነበቡና የኋላው ግፊት ባዶዋንም 7 ሜጋፓስካል እንደሚያልፍ አሳዩኝ፤ ከ6.7 መብለጥ አልነበረበትም። "ዘይቱ ሞላውን ያግዝ እንጂ ሞላ አይሁን" አሉ። ቀጥለው መኪናዋን ከፍ አድርገው የዘይት መያዣው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩ፤ ዝቅ አድርገው ሌላ መስመር። መያዣው ላይ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያሉትን የልክ ጭረቶች በጣታቸው ቆጠሩ፦ 12። "14 ቢሆን ድቡልቡሎቹ አዲስ ናቸው እልህ ነበር። 7 ቢሆን ቀይራቸው እልህ ነበር። ይህ ገና ያገለግላል።"

እንዲህ ሆኖ ከኋላ ጠንካራ ሞላ ገባ፤ ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ በልብስ ጠቅልሎ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። የፊቱ ቶርሽን ባር ጠበቅ ተደረገ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ ከፍታ የሚለኩት ሴንሰሮችም ትንሽ ተስተካክለው መካከለኛው ልኳ ከፍ አለ። ጎማውን ከ275/70 ወደ 285/75 አሳደግሁት፣ በዚያው ባለ 16 ቸርኬ። ጎማው በቁመት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨመረ፤ ሆዷ ከመሬት የራቀው ግን የዚያን ግማሽ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ለሁለት ሴንቲ ሜትር መሆኑን ለባለቤቴ አልነገርኋትም። መሪው እስከ ጥጉ ሲዞር ጎማው ከፓራፋንጎው ጀርባ ያለውን ፕላስቲክ ይነካ ስለነበር፣ የባለቤቴ ወንድም ባትሪ ይዞልኝ በቢላ ቆረጥሁት። እሱም አልነገራትም።

በጥር አንድ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት እሱና እኔ ተነሣን። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ቆጣሪው 100 ሲል ስልኬ 105 ይላል፤ ትልቅ ጎማ ቆጣሪውን ውሸታም ያደርገዋል። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለው ሙቀትና የጅቡቲ ተሳቢ ነው። ሎግያ ላይ ለሁለት ሰው ፍየል ጥብስ የከፈልነው አልቆጨኝም፤ ለውሃው ግን እጥፍ ሲጠሩብን ተነጫነጭሁ። የባለቤቴ ወንድም "ጋሼ፣ በውሃ አይጨቃጨቁ፣ በረሃ ነው" ብሎ ከኪሱ ከፈለ።

አፍዴራ ስንደርስ መሽቷል። ማደሪያው ደጅ የተደረደረ የጠፍር አልጋ ነው፤ ግድግዳ የለ፣ በር የለ። እኛ አገር በጥር ሰው ሁለት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ ሸሚዜን አውልቄ እንኳ ጠፍሩ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ከአጠገቤ የተኛው ሰውዬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ያወራ ነበር፤ የሚያወራው ስለ በግ ዋጋ ነው። ሊነጋጋ ሲል ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።

ጠዋት በሐይቁ ዳር ወደ ፍል ውሃው ስንሄድ መኪናዋን ከፍ አድርጌ ድንጋዩን በቀስታ ተሻገርን። ከፍታው የሚሠራው ለዝግታ ነው፤ ፍጥነት 30 ሲያልፍ ራሷ ትወርዳለች። ሁሉም ደህና ነበር። ድንገት ከኋላ ሲስስ የሚል ድምፅ ተሰማና ጀርባዋ እንደ ግመል ተንበረከከ።

ከሥር ገብቼ አየሁ። ከኋላ አክሱ ጋር ሴንሰሩን የሚያገናኘው የጣት ርዝመት ያለው ዘንግ በድንጋይ ተመትቶ ጫፉ ከሚገጥምበት ኳስ ወልቋል። የሴንሰሩ ክንድ ተንጠልጥሏል፤ ኮምፒውተሩም መኪናዋ እላይ የወጣች መስሎት ዘይቱን ለቀቀው። በድሮው ሞላ ቢሆን ጎማው ላይ ቁጭ ትል ነበር። አዲሱ ሞላ ከግማሽ መንገድ ያዛት፤ በቀስታ መሄድ ትችላለች።

ጨው የጫነ ኤፍ ኤስ አር መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሳይጠየቅ ከሥር ተንፏቀቀ። ዘንጉን አየ፣ ወደ መኪናው ተመለሰ፣ ያረጀ ከለመዳሪ ይዞ መጣ። በምላጭ ቀጭን ጠፍር ቆረጠና ዘንጉን ከኳሱ ጋር እየለጠጠ ስምንት ጊዜ ጠመጠመው። ሞተሩን አስነሣሁ። ፓምፑ አጓራ፣ ጀርባዋ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ጋሼ፣ ስንት ልስጥዎት?" አልሁ።

"ለላስቲክ?" አለና ሳቀ። የቀረውን ቁራጭም ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከተተልኝ።

ፍል ውሃው? ፍል ነው። በዚያ ሙቀት የሚታጠብበትን ሰው እስካሁን አልገባኝም።

አዲስ አበባ ገብቼ ሶማሌ ተራ ዘንጉን ጠየቅሁ። ለዚያች የጣት ርዝመት ብረት ዘጠኝ ሺህ ብር አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላም ላስቲኩ እንደታሰረ ነው።