ሙቀቱ ነው

ነገሩ ካለፈ ዓመት ሆኖታል፤ ሆኖም የማስተምርበትን ኪቦርድ በከፈትኩ ቁጥር ከማሳያው በስተግራ የተለጠፈው ነጭ ፕላስተር ዓይኔ ላይ ስለሚያርፍ ልርሳው ብልም አልሆነልኝም።

በሳምንት አምስት ቀን ድሬዳዋ ውስጥ ፒያኖ አስተምራለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከዚራ ካለ አንድ ሆቴል ከቤዝ ጊታርና ከድራም ጋር ጃዝ እጫወታለሁ። ተማሪዎቼ ጥብቅ ነው ይሉኛል፤ በአንድ ነገር ላይ በእርግጥም ቀልድ አላውቅም ነበር። ማንም ሰው ሊመዘገብ ሲመጣ፣ ገና ስሙን ሳልጽፍ፣ «ትራንስፖዝ የምትባለዋን አዝራር የነካ እኔ ጋ አይማርም» እለዋለሁ፤ ጣት ከቦታው ሳይነቃነቅ የኪቦርዱን ድምፅ ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ የምታደርግ አዝራር ናት። ምክንያቴም በቂ ይመስለኝ ነበር፤ አዝራሯን የለመደ ልጅ ዘፈኑን ሁሉ በአንድ የእጅ አቀማመጥ ይይዝና፣ ዘፋኙ «ትንሽ አውርድልኝ» ባለው ቁጥር እሷን እየተጫነ ይኖራል፤ አንድ ቀን እውነተኛ ፒያኖ ፊት ያስቀመጡት እንደሆነ ግን አዝራር የለ፣ እጁም ሌላ መንገድ አያውቅ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ቅዳሜና እሑድ ከሠርግ ባንድ ጋር ትሠራለች። የምትከፍለኝ ከዚያው ከምታገኘው ነው፤ በአንድ ሠርግ የምታገኘው ግን እኔ በሆቴሉ በሁለት ሳምንት ከማገኘው ይበልጣል። አንድ ቀን ከሰዓቷ ቀደም ብላ መጥታ አዝራሯን እየተጫነች ስትጫወት ደረስኩባትና በአራት ተማሪዎች ፊት ተቆጣኋት፤ በዚያም ሳልበቃ ከመድኃኒት ሣጥኑ ፕላስተር ቆርጬ አዝራሯን ሸፈንኩ። ልጅቷ ደግሞ ዝም የምትል አይደለችም።

«ቲቸር፣ ክራር ተጫዋቹስ? ለዘፋኙ ድምፅ ሲል ክሩን ወጠር ረገብ ያደርግ የለ? ጣቱ እኮ ከቦታው አይነቃነቅም። እሱን ማን አጭበርባሪ ይለዋል?»

«ክራር ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው?»

መልስ ያጣ መምህር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወደ ስኬል ልምምዷ መለስኳት።

በግንቦት ወር መጨረሻ የተማሪዎች ምሽት ተዘጋጀ። አዘጋጆቹ ዝግጅቱን ከፍ እናድርገው ብለው ከአዲስ አበባ አንድ የክላርኔት ተጫዋች ጋበዙ፤ ሙዚቃ ስንማር በሁለት ዓመት ይቀድመኝ የነበረ ሰው ነው። ሞዛርት በ1791 እ.ኤ.አ.፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከጻፈው የክላርኔት ኮንቼርቶ ሁለተኛውን ክፍል፣ ዝግ ብሎ የሚሄደውን፣ እሱ እንዲነፋ፣ እኔ ደግሞ ለፒያኖ በተጠቃለለው ኖታ እንዳጅበው ተስማማን። ኮንቼርቶው የላ ክላርኔት የሚባለውን ዓይነት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይህ ክፍል ለእኔ የተጻፈው «ሬ»ን መነሻ ባደረገው ስኬል ነው። ለሦስት ሳምንት ሠራሁበት።

በአዳራሹ አንድ የቆመ ፒያኖ አለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ስለገባ፣ እዚህ ከተማ ያረጀ ነገር ሁሉ በባቡር መጣ ይባላል፣ እሱም እንዲሁ ይባላል። በስልኬ መቃኛ ስለካው በሰከንድ 440 ጊዜ መንዘር የነበረበት ላ 426 ላይ ተኝቷል፤ ይህም ከግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንዱ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ካለው ርቀት፣ እኩሌታ በላይ ወርዷል ማለት ነው፣ ያውም ቁልፎቹ ሁሉ እኩል ቢወርዱ አንድ ነገር ነበር። ክላርኔት ደግሞ መገጣጠሚያውን ሳብ አድርጎ ያን ያህል ሊወርድለት አይችልም። በድሬ ሙቀትማ ጭራሽ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፤ አየር ሲሞቅ ድምፅ ስለሚፈጥን የሚነፋ መሣሪያ ሁሉ ከፍ ይላል፣ ክር ደግሞ ሲሞቅ ስለሚላላ ዝቅ ይላል። በመካከላቸው ብርዱም ሙቀቱም ግድ የማይሰጠው ኪቦርድ ብቻ ነውና የማስተምርበትን ኪቦርድ በባጃጅ አስመጣሁ። ለክላርኔቱ እንዲመች ላውን ወደ 443 ከፍ አደረግሁት። (ይህን የማደርግበት ቁልፍ ከፕላስተሩ ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም፤ እሱን መንካት ግን በእኔ ሕግ መቃኘት እንጂ ማጭበርበር አልነበረም።)

እንግዳችን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ሣጥኑን ሲከፍት በውስጡ አንድ ክላርኔት ብቻ አየሁ፤ ያም ከላው ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለው የሲ ፍላቱ ነው።

«የላውስ?» አልኩት።

«ለአንድ ሥራ ሁለት ክላርኔት ማን ይሸከማል? እኔ የለመድኩትን እነፋለሁ፤ አንተ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገህ ታጅበኛለህ።»

«ዝግጅቱ እኮ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ኖታው በ«ሬ» ነው፤ ወደ ሚ ፍላት ልቀይረው ነው?»

«ጃዝ ትጫወት የለ እንዴ? ለእናንተ ይቺ ምን አላት?»

ያቺ «ለእናንተ» የምትለዋ ቃል እስካሁን አልለቀቀችኝም። በውስጧ ሙገሳም ንቀትም አለ፤ የሆቴል ተጫዋች ከሆንክ እንዳመጡልህ ታስኬደዋለህ ማለት ነው። የሚያናድደው ደግሞ ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው፤ ዘፋኝ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል፣ ግማሽ ጣልልኝ» ሲለኝ ሳላስብ እጥልለታለሁ። የማጅበው ግን በኮርድ ነው፤ አንድ ድምፅ ቢንሸራተትብኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ አውቄ እንዳደረግሁት አስመስዬ አልፋለሁ። ሞዛርት እንዲህ ያለ መደበቂያ አይሰጥም፤ ኖታው ጥቂት ነው፣ ዝግ ይላል፣ እያንዳንዱ ድምፅ ራቁቱን ይሰማል። በዚያ ላይ ክላርኔቱ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባሮች እንደጨረሰ ያንኑ ዜማ ተቀብሎ የሚደግመው ኦርኬስትራው ነው፤ ያን ምሽት ኦርኬስትራው እኔ ነኝ።

እሱ ራሱ በያዘው ክላርኔት ዜማውን ግማሽ ድምፅ አውርዶ ቢነፋልኝ እኔ ከሬ አልነቃነቅም ነበር። ይህንንም አነሣሁበት። «በአራት ሻርፕ? ጣቴ እዚያ ላይ አይፈስም» አለና ሪዱን፣ የክላርኔቱን መንፊያ ስስ ሸምበቆ፣ ምላሱ ላይ አስቀምጦ ያረጥበው ጀመር፤ ሪድ አፍ ውስጥ ካለ ክርክር የለም። የላና የሲ ፍላት ክላርኔት ተለይተው መሠራታቸውስ ጣት እንዳይቸገር አይደል? ሰውየው ሌላ ጊዜ በሁለት ሣጥን ይዞት የሚዞረው ነገር እኔ በፕላስተር የሸፈንኳት አዝራር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለዚያች ልጅ ግን ይህን አልነገርኳትም።

ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ድሬ በዚያ ሰዓት ከፊሏ በርጫ ላይ ናት፣ ከፊሏ ትተኛለች፤ አዳራሹ ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ ሙቁን አየር ከወዲያ ወዲህ ከማንከራተት በቀር የሚፈይደው የለም። ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ነጮቹ ቁልፎች ላይ ያርፋል፣ ጣቴንም ያንሸራትታል። ቀኝ እጄ ሚ ፍላቱን ቶሎ ተቀበለ፤ ግራ እጄ ግን ሦስት ሳምንት የለመደውን ሬ ፍለጋ፣ ቤቱን እንደቀየሩበት ፈረስ፣ በየመሀሉ ወደዚያው ይታጠፋል። አምስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት፤ ሦስቱ አማረልኝ፣ ሁለቱን ሰው ባይሰማ ይሻላል።

አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን በሩን ዘጋሁና ፕላስተሩን ላጥኩት። ሙጫው ከአዝራሯ ላይ አልለቅ ብሎ አውራ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። አንድ ጊዜ ተጫንኳት፤ ማሳያው ላይ +1 አለ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ድረስ ውሸት አልነበረም። መሣሪያ ነው፣ ተጠቀምኩበት፣ አበቃ። ውሸት ያደረገው እንግዳችን ነው፤ መድረክ ላይ እንደወጣን ማይክ አንሥቶ፣ እኔም እሱ ይህን ያህል ለጋስ መሆኑን ሳላውቅ ስለነበር ማቋረጫ አጥቼ፣ «ዛሬ የምትሰሙትን ወንድሜ ከአራት ሰዓት በፊት በነገርኩት መሠረት ከተጻፈበት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ እዚሁ በጭንቅላቱ እየቀየረ ነው የሚያጅበኝ» ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። ወላጆች ነበሩ፣ የሆቴሉ ደንበኞች ነበሩ፣ ተማሪዎቼ ከፊት ረድፍ ነበሩ።

ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ገጽ የምትገልጥልኝ ያቺው ልጅ ነበረች። እኔው ነኝ የመረጥኳት፤ ኖታ ፈጥና የምታነብ ሌላ አልነበረኝም። በግራዬ በኩል ቆማለች፤ ማሳያው ያለው ከክርኗ ሥር ነው። ማሳያውን ባታይ እንኳ ጣቶቼ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሬ እንጂ ሌላ ነገር እንደማይነኩ ታያለች። ከጀመርን ወዲያ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ እጇ ግን በየገጹ መጨረሻ በጊዜው ይመጣ ነበር፤ አልቸኮለም፣ አልዘገየም።

አዝራሯ ደግሞ ነገሩን አቀለለችልኝ እንዳትሉ። ዓይኔ ሬ ያነባል፣ ጣቴ ሬ ይነካል፣ ጆሮዬ ሚ ፍላት ይሰማል፤ ለሃያ ዓመት ጆሮውን ሲስል ለኖረ ሰው ይህ በሌላ ሰው ጫማ ደረጃ እንደ መውጣት ነው። ሁለት ጊዜ ጆሮዬ ጣቴን ሊያስተው ደርሶ፣ ወረቀቱ ላይ ዓይኔን ተክዬ ተረፍኩ። ክላርኔቱ አማረ፣ ያን አልነፍገውም፤ ጨረስን፣ ዳግመኛ ተጨበጨበ፣ ዳግመኛ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ባልደረቦቼ ወጡ፤ በትዝታ ላይ የተመሠረተ፣ በየሳምንቱ የምንጫወተው የራሳችን ሥራ ነው። ቤዙ ዶ ላይ ገባ፣ እኔም ዶ ያልኩትን ኮርድ ሙሉ እጄን አሳረፍኩበት። የወጣውን ድምፅ የምገልጽበት ቃል የለኝም፤ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ጆሮዋን ያዘች። ማሳያው አሁንም +1 ነበር፤ እኔ ግን በጭብጨባው ሞቅታ ረስቼዋለሁ። ቤዝ ተጫዋቹ ምስኪን ሰው ነውና ጥፋቱን ወደ ራሱ ወስዶ፣ ጎንበስ ብሎ የቤዙን ክር ይወጥር ጀመር። በዚህ መሀል ከግራዬ አንዲት ቀጭን እጅ፣ ገጽ ልትገልጥ የመጣች መስላ፣ ወረቀት በሌለበት መጣች፤ አዝራሯን ነክታ ተመለሰች። የሚቀጥለው ኮርድ ዶ ነበር።

ጉዳቱ ግን በዚህ አላበቃም። እኔ ወደ ቦታዬ ስመለስ፣ ቤዙ በወጠረው ክር ከእኔ በላይ ሆኖ ቀረ። እስኪያረግበው ድረስ ሃያ ባር ያህል ሄደ፤ አዳራሹ ሁሉ ያየውም ሲታገል የነበረውን እሱን ነው። ሲያልቅ ከአዘጋጆቹ አንዱ በእኔ ፊት፣ «ምነው አንተ? ሳትቃኝ ነው እንዴ የምትወጣው?» አለው።

«አቦ፣ ሙቀቱ ነው፤ ክሩን አላላው» አለና ወደ እኔ ዞረ፤ «አይደል እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኩ።

ሙቀት ክር ያላላል፤ አራቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ፣ እኩል ግማሽ ድምፅ የሚያወርድ ሙቀት ግን ድሬም አይታ አታውቅም። ያ ሰው ይህን ከእኔ ያነሰ አያውቅም፤ ያመነኝ ግን ስለማያውቅ ሳይሆን እኔ ስላልኩት ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ ልጅቷ ለትምህርት መጣች። ኪቦርዱ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ አዝራሯ ላይ የሙጫው ጥቁር ክብ ቀርቷል። ተቀመጠች፣ አየችው፣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አኖረች፣ ከዚያም መልሳ አነሣቻቸው።

«ቲቸር፣ ፕላስተሩን ሙቀቱ ነው የላጠው?»

በድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ያቺ ልጅ ብትስቅብኝ ኖሮ እቆጣት ነበር፣ ነገሩም በዚያው ያልፍልኝ ነበር።

«አዎ» አልኳት።

«እኛ ሠርግ ላይ» አለች፣ ዓይኗን ከቁልፎቹ ሳታነሣ፣ «መጀመሪያ የሚያስተምሩን ወደ ዜሮ መመለስን ነው። አዝራሩን መጫን ማንም ያውቃል፤ ሳይመልስ የተነሣ ግን ለቀጣዩ ዘፋኝ ከኪሱ ይከፍላል።»

«ስኬልሽን ጀምሪ» አልኳት።

ጀመረች። ሰዓቷ ሲያልቅ ከቦርሳዋ አዲስ የፕላስተር ጥቅል አውጥታ በጥርሷ ቆረጠችና አዝራሯ ላይ ለጠፈችው፤ በአውራ ጣቷም ዳር ዳሩን ተጫነችው። ለአዲስ ተማሪ ደንቡን አሁንም እናገራለሁ፣ ከበፊቱ ይልቅ ቀስ ብዬ እንደምናገረው ግን ይታወቀኛል። እንግዳችን ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ አንድ ሥራ ስላለ «ያን ጭንቅላትህን ይዘህ ና» ብሎኛል፤ የትኛውን ክላርኔት እንደሚይዝ ጠየቅሁት፣ ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ኪቦርዱን ይዤ መሄዴ አይቀርም። ትናንት ሣጥኑ ውስጥ ሳስገባው ነው የልጅቷን ፕላስተር ልብ ብዬ ያየሁት፤ ሦስቱ ማዕዘኖች ጥብቅ ብለው ተለጥፈዋል፣ አራተኛው ግን ጥፍር እንዲገባበት ሆኖ ወደ ላይ ታጥፏል።