ፕላዝማውና የሳንፍራንሲስኮ ልጆች

የማስተማር ፈቃዴን ለማሳደስ ሰሞኑን ወረቀቶቼን እያገላበጥኩ ነው። ከደሴ የመጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ። የቨርጂኒያ ፈቃድ አለ። በመሃል ደግሞ የፓርኪንግ ቤት የደመወዝ ወረቀቶች አሉ። ሲታዩ የአንድ ሰው አይመስሉም። እንዴት እንደተያያዙ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው።

ደሴ እያለሁ ሙያህ ምንድን ነው ስባል ሒሳብ ነው እል ነበር። አስተማሪ ነኝ ከማለት የሒሳብ ሰው ነኝ ማለት ይቀናኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሰባ የሚጠጋ ተማሪ አለ። ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይቀመጣሉ። ሰሌዳና ጠመኔ አለኝ፣ ሌላ የለም። ከዚያ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ፕላዝማ የምንለው የክፍል ቴሌቪዥን መጣ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፋል። መጀመሪያ እኔ ለጥቂት ደቂቃ አስተዋውቃለሁ፣ ከዚያ ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ መጨረሻ ላይ እኔ አጠቃልላለሁ።

ትምህርቱ መጥፎ ነበር ማለት ይከብደኛል። ግራፉን እንደዚያ አድርጌ ሰሌዳ ላይ መሥራት አልችልም። ችግሩ ፍጥነቱ ነበር። ተማሪው እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። የገባውና ያልገባው አይለይም። ፈተና ሲመጣ ውጤቱ ይወድቃል። ያኔ አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ቁጭ ብለን የምንለው አንድ ነገር ነበር፦ «መሠረት የላቸውም።» ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አልነበረንም።

ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። ከዋሽንግተን በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለች ከተማ ናት፣ በተለይ ዌስት ኤንድ በሚባለው ሰፈር የእኛ ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማታ ፓርኪንግ ሠራሁ። በዚያ አላፍርም፣ ቤተሰብ የኖረው በዚያ ነው። ግን ብዙ ጎበዝ ሰው እዚያው ሲቀር አይቻለሁ። ዲግሪውን ለማስገምገም ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት ታሽጎ መምጣት አለበት። ግምገማው ኮርስ በኮርስ ነው። ከዚያ ፕራክሲስ የሚባለው የመምህራን ፈተና አለ፣ አሻራ አለ፣ ተጨማሪ ኮርስ አለ። ልጅ እያሳደጉ፣ ሌሊት እየሠሩ ይህን ሁሉ መጨረስ ቀላል አይደለም። እኔ ረዳት መምህር ሆኜ ትምህርት ቤት መግባቴ ነው ያዳነኝ። ደመወዙ ከፓርኪንጉ ያነሰ ነበር። ባለቤቴ «ግድ የለም፣ ግባበት» ባትለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ለፈቃዱ ከወሰድኳቸው ኮርሶች በአንዱ ስለ ሳንፍራንሲስኮ ልጆች አነበብኩ። በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,800 ያህል ከቻይና ቤተሰብ የመጡ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ተማሪዎች ምንም የቋንቋ ድጋፍ ሳያገኙ ይማሩ ነበር። ወላጆች ከሰሱ። ላው እና ኒኮልስ ተብሎ የሚታወቀው ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 እ.ኤ.አ. ለልጆቹ ፈረደላቸው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት አስተማሪ ስለሰጠህ እኩል አስተማርክ ማለት አይደለም። ልጁ የሚባለውን ካልሰማ ከትምህርቱ ውጭ ነው።

ያንን ሳነብ የታየኝ ሳንፍራንሲስኮ አይደለም። ደሴ ነች። ለሁሉም እኩል የሚተላለፈው ፕላዝማ ነው የታየኝ። ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በአገራቸው፣ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተቀምጠው የውጭ ቋንቋ አድማጭ ይሆናሉ። መሠረት የላቸውም ካልናቸው ተማሪዎች ብዙዎቹን ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነበር የያዛቸው። ይህን ለማየት አሜሪካ መምጣት ነበረብኝ ወይ? ለሌላው አላውቅም፣ ለእኔ ግን አዎ። እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ ቀልድ ሳይገባኝ ቀርቶ፣ መልሱን እያወቅሁ እንግሊዝኛው አልወጣ ብሎኝ ዝም ብዬ ስቀመጥ ነው የዝም ባዮቹን ተማሪዎቼን ፊት ያስታወስኩት።

ያኔ የሥራዬ አቅጣጫ ተቀየረ። ሒሳብ ብቻ ለማስተማር የጀመርኩትን መንገድ ወደ ኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ተማሪዎች ወደሚሰጠው ትምህርት አዞርኩት። ዛሬ የማስተምረው አዲስ ገቢዎችን ነው። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከእኛ አገር። ከእኛዎቹ መካከል በኮቪድና በጦርነቱ የተነሳ ዓመታት ያለ ትምህርት ያለፉባቸው አሉ።

አንዲት ልጅ መጣች። አገር ቤት ኳድራቲክ ኢኩዌዥን ጨርሳለች። እዚህ በገባችበት ፈተና ግን ዝቅተኛ ሒሳብ ክፍል ተመደበች። የፈተናውን ወረቀት አየሁት። አንዱ ጥያቄ ስለ ቤዝቦል ነው። ሌላው ኢንችና ፉት ስለሚባሉት የርዝመት መለኪያዎች። ሌላው ዳይምና ኳርተር ስለሚባሉት የአሜሪካ ሳንቲሞች። ቁጥሩ ለእሷ ቀላል ነው፣ ታሪኩ ግን አይታወቅም። በትርፍ ሰዓቴ ያንኑ ደረጃ የያዘ ጥያቄ በአማርኛ አዘጋጅቼ፣ ሜትርና ብር አድርጌ ሰጠኋት። ሠርታ ሳትጨርስ ነው የገባኝ። ወረቀቱን ይዤ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ትንሽ ተከራከርን፣ ከዚያ አልጄብራ ሁለት ገባች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አዲስ ተማሪ ሲመደብ ወረቀቱን አንድ ላይ እናያለን። በሙያዬ ከሠራሁት ነገር ሁሉ በዚህ እኮራለሁ።

ወላጆቹን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ብዙዎቹ ሌሊት ኤርፖርት ወይም ሆቴል ሠርተው በቀጥታ ነው ወደ ወላጅ ስብሰባ የሚመጡት። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣ?» እዚህ ካርድ ላይ ደረጃ የለም። ሳስረዳ ቅር ይላቸዋል። ለመሄድ ሲነሱ ደግሞ «አደራ ቲቸር፣ እንደ ልጅዎ ይዩት» ይላሉ። ትምህርት ቤቱ ወላጅ እንዲጠይቅ፣ እንዲከራከር ይፈልጋል። የእኛ ወላጅ አደራውን ሰጥቶ መሄድ ነው የለመደው። እኔ መሃል ላይ ነኝ። «ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው» እላቸዋለሁ፣ አደራውንም እቀበላለሁ።

የቀረብኝም አለ። አብረውኝ የተማሩ ዶክትሬታቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። እኔ ካልኩለስ ከነካሁ ቆየሁ። አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ በተለይ ጽሑፋቸውን ሳይ። አገር ቤት ያሉ ወጣት አስተማሪዎች ውጭ መሄድ ለሙያ ይጠቅማል ወይ ሲሉኝ ይህንንም አልደብቃቸውም። ወጥተህ ክፍል ውስጥ ካልገባህ ሙያው ይቆማል። ከገባህም በሄድክበት መንገድ ላይቀጥል ይችላል። ለማንኛውም ትራንስክሪፕታችሁንና የኮርስ ዝርዝራችሁን ሳትይዙ አትውጡ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ደሴ ሄጄ ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ከእንግሊዝኛው ገለጻ በኋላ ጥቂት ደቂቃ በአማርኛ እርስ በርስ ተነጋግረው መልሱን በእንግሊዝኛ ቢያቀርቡስ አልኳቸው። አንዱ «በስልሳ ተማሪ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። የእኔ ክፍል ውስጥ ሃያ አይሞሉም። ቢሆንም ቱቶሪያል ክፍል ላይ አብረን ሞከርነው። ጫጫታ ነበረው። ከኋላ የሚቀመጡት ግን ያወሩ ነበር፣ የሚያወሩትም ሒሳብ ነበር።

አሁን ከእነዚሁ ባልደረቦቼ ከሁለቱ ጋር ለዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ የአማርኛና የእንግሊዝኛ የቃላት መፍቻ እያዘጋጀን ነው። ቅዳሜ እዚህ ጠዋት፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን በቴሌግራም እንገናኛለን። እነሱ ተማሪ የሚቸገርባቸውን ቃላት ይልካሉ፣ እኔ ምሳሌ እጽፋለሁ። ቁጥሮችን ጨርሰናል። ጂኦሜትሪው ይቀራል፣ መስከረም ላይ ክፍል ሲከፈት የመጀመሪያው ግማሽ ታትሞ እንዲደርስ ነው የምንሠራው።